የጦርነት ፎቶግራፍ እንደ ምስክር፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በተነሡ ሥዕሎች ስለሚታዩ አይሮፕላኖችና የወታደር ልብሶች

ፎቶግራፍ ያየውን ሁሉ የሚይዝ፣ ነገር ግን ስለያዘው ነገር አንዲት ቃል የማይናገር ምስክር ነው። ስለ እርሱ ሆኖ የሚናገረው ከግርጌው ወይም ከጀርባው ቃል የጻፈበት ሰው ነው። ይህ ጸሐፊ ደግሞ ሥዕሉ ሲነሣ በቦታው ያልነበረ፣ የአገሩን ልማድ የማያውቅ፣ ወይም እያወቀ ለሌላ ዓላማ የጻፈ ሊሆን ይችላል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ ምድር የተነሡት ሥዕሎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል መግለጫ የሌላቸው ወይም መግለጫቸው ከሚታየው ነገር ጋር የማይስማማ ጥቂቶች አይደሉም።

ይህን መመርመር የሥዕል ሰብሳቢዎች ጨዋታ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ጠመንጃ ይዞ የቆመ አንድ ሰው «አርበኛ» ተብሎ ቢጻፍለት ለልጅ ልጆቹ ክብር ይሆናል፤ ያው ሰው «ባንዳ» ቢባል ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ነውር ሆኖ ይቀራል። በሰማይ የሚታየውም አይሮፕላን ቦምብ ጣይ ነው ወይስ ቁስለኛ አመላላሽ የሚለው ጥያቄ የሚነካው የታሪክን ፍርድ ነው። በኢትዮጵያ የሙግት ልማድ አንድ ምስክር ብቻውን ነገር አያጸናም፤ የምስክሩም ቃል ሳይፈተን አይያዝም። ለፎቶግራፍም የሚገባው ሥርዓት ይኸው ነው። አይሮፕላንና የወታደር ልብስ ስለ ዘመኑና ስለ መጀመሪያው ባለቤታቸው ብዙ ይናገራሉ፤ ሥዕሉ በተነሣበት ቀን በማን እጅ እንደነበሩ ግን ሁልጊዜ አይናገሩም። ስለዚህ አንዱ በሌላው ላይ ያልተደገፉ ሁለት ወይም ሦስት ምልክቶች ሳይስማሙ ለሥዕሉ ስም መስጠት አይገባም።

የሥዕሎቹ ምንጭ

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሥዕሉን ማን አነሣው የሚለው ነው። የኢጣልያ መንግሥት የሥዕልና የፊልም መሥሪያ ቤት የነበረው ኢስቲቱቶ ሉቼ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክፍል አቋቁሞ ነበር። የዚህ ክፍል ሥራ ጦርነቱን ለኢጣልያ ሕዝብና ለዓለም በሚስማማው መልክ ማሳየት ስለነበር፣ ሥዕሎቹ የጠሩና የተስተካከሉ ቢሆኑም ምን እንዳይታይ እንደተደረገ ማሰብ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ምንጭ የኢጣልያ ወታደሮች በግል ካሜራቸው ያነሡት ነው፤ እነዚህ ለቤተ ሰብ የተላኩ ወይም በአልበም የተለጠፉ ስለሆኑ ባለሥልጣን ያልመረጣቸው ነገሮች ይገኙባቸዋል። ሦስተኛው የውጭ አገር ጋዜጠኞች ሥዕል ነው። ጋዜጠኞቹ ወደ ጦር ግንባር ለመሄድ ፈቃድ በቀላሉ ስለማያገኙ ብዙ ጊዜያቸውን በአዲስ አበባ አሳልፈዋል፤ ስለዚህ «በሰሜን ግንባር የኢትዮጵያ ጦር» ተብሎ የታተመ ሥዕል በዋና ከተማው የተነሣ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከሰልፈኞቹ ኋላ ረጃጅም የባሕር ዛፍ ረድፍ ከታየ ይህ ጥርጣሬ ይጠነክራል፤ ምክንያቱም ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር መጥቶ በተለይ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የተስፋፋ ነው። አራተኛው ምንጭ በአዲስ አበባ የነበሩ ፎቶግራፍ ቤቶች፣ ከእነርሱም መካከል በአርመኖች የተያዙት፣ ለመኳንንትና ለወታደሮች ያነሡት ሥዕል ነው።

የቀን፣ የአቅጣጫና የቀለም ነገር

በሥዕሉ ላይ ያለውን ዕቃ ከመመርመር በፊት ሥዕሉ ራሱ መመርመር አለበት። በጀርባው የተጻፈው ዓመት የማን አቆጣጠር ነው? «1928» የሚል ጽሕፈት በኢትዮጵያዊ እጅ ከተጻፈ የወረራውን ዓመት ያመለክታል፤ ይህን የማያውቅ የውጭ አገር ቤተ መዛግብት ሠራተኛ ግን ሥዕሉን ከጦርነቱ ሰባት ዓመት ያህል ያስቀድመዋል። የፋሽስት መንግሥት ደግሞ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት ወር 1922፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የሚጀምር የራሱ ዓመተ ምሕረት ነበረው፤ ይህም በሮማውያን ቁጥር ይጻፋል። የኢጣልያ ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን ያ ቀን በፋሽስቶች ቁጥር ገና 13ኛው ዓመት ነበር፤ የማይጨው ጦርነት የተደረገበት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ግን በ14ኛው ዓመት ውስጥ ይውላል። ስለዚህ የፋሽስቱ ቁጥር በትክክል ከተነበበ፣ በጦርነቱ የመጀመሪያ ሳምንታት የተነሣውን ሥዕል ከኋለኛው ለመለየት ይረዳል።

ቀጥሎ የሚመረመረው ሥዕሉ ተገልብጦ እንዳልታተመ ነው። የፊልሙ ፊትና ጀርባ ከተለዋወጠ ቀኝ ግራ፣ ግራም ቀኝ ይሆናል። በኢትዮጵያ ሥዕሎች ላይ ይህ ስሕተት የተለየ ምክንያት አለው። የቆየው የኢትዮጵያ ተዋጊ ልማድ ጎራዴን ወይም ሾተልን በቀኝ ጎን መታጠቅ ነው፤ የአውሮፓ ወታደር ግን በግራ ይታጠቃል። ይህን የማያውቅ አሳታሚ ጎራዴውን በቀኝ ሲያይ ሥዕሉ የተገለበጠ መስሎት ትክክለኛውን ሊገለብጠው ይችላል። ነገሩን የሚቆርጠው ጎራዴው ሳይሆን ጠመንጃው ነው። በዘመኑ ይያዙ የነበሩት ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽርና የኢጣልያው ካርካኖ ሁሉ የመቆለፊያቸው እጀታ በቀኝ በኩል ነው። እጀታው በግራ ከታየ ሥዕሉ ተገልብጧል። የወንድ ኮትም የግራው ጠርዝ በቀኙ ላይ ይደረባል። በሥዕሉ ውስጥ የግዕዝ ወይም የላቲን ፊደል ከተገኘ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሦስተኛው የቀለም ነገር ነው። በዚያ ዘመን ሁለት ዓይነት ጥቁርና ነጭ ፊልም ይሠራበት ነበር። አንደኛው ዓይነት ቀይ ብርሃን የማይሰማው ስለሆነ ቀይ ነገር ጥቁር ሆኖ፣ ቢጫም ጠቆር ብሎ ይወጣበታል፤ ሰማያዊው ግን ይነጣል። ሁለተኛው ዓይነት ለቀለማት ሁሉ የሚሰማ ስለሆነ ቢጫ ፈካ ብሎ ይወጣል። ከዚህ የተነሣ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ በመጀመሪያው ፊልም ሦስቱም መደቦቹ የጠቆሩ ጨርቅ ይመስላል፤ በሁለተኛው ግን መካከሉ ስለሚፈካ ነጭ መካከል ካለው ከኢጣልያ ሰንደቅ ዓላማ ጋር ሊምታታ ይችላል። የሚለየው የመደቦቹ አቀማመጥ ነው፤ የኢትዮጵያው አግድም፣ የኢጣልያው ቁም ነው።

አይሮፕላኖች

አይሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያው ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥራ ነው። ከእርሱም ቀጥሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ የጀርመኑ ዩንከርስ መጣ። በጦርነቱ ጊዜ የኢትዮጵያ አይሮፕላኖች በጣም ጥቂቶች፣ ለውጊያም ያልተዘጋጁ ነበሩ፤ አገልግሎታቸውም ሰውና መልእክት፣ መድኃኒትና ቁስለኛ ማመላለስ ነበር። ኢጣልያ ግን በመቶ የሚቆጠሩ አይሮፕላኖች አሰልፋ ነበር። ይህ ልዩነት ራሱ አንድ ማስተዋል ይሰጣል፤ በአንድ ሥዕል ላይ በርከት ያሉ አይሮፕላኖች በረድፍ ሲበሩ ከታዩ የኢትዮጵያ ሊሆኑ አይችሉም።

አንድ አይሮፕላን ብቻውን ሲታይ ግን ምርመራው በሥርዓት መሄድ አለበት። ክንፉ ነጠላ ነው ወይስ ድርብ? ነጠላ ከሆነ ከገላው በላይ ተጋድሟል ወይስ ከሥሩ? ሞተሩ አንድ ነው ወይስ ሦስት? የሞተሩ ሲሊንደሮች እንደ ጮራ ዙሪያውን ተሰክተዋል ወይስ በረድፍ ቆመዋል? ለምሳሌ በኢትዮጵያ እጅ የነበረው ፖቴዝ 25 እና የኢጣልያው ሮሜዎ 1 ሁለቱም ድርብ ክንፍና አንድ ሞተር ያላቸው፣ የታችኛው ክንፋቸው ከላይኛው ያነሰ፣ ሁለት ሰው የሚይዙ ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ በቀላሉ ይምታታሉ። የሮሜዎው ሞተር ግን ሲሊንደሮቹ ዙሪያውን የተሰኩ ስለሆነ አፍንጫው ክብ ሆኖ ይታያል፤ በሎሬን ሞተር የሚሄደው የፖቴዝ ዓይነት ደግሞ ሲሊንደሮቹ በረድፍ ስለሆኑ አፍንጫው ጠበብ ይላል።

ከቦምብ ጣዮቹ መካከል በብዛት የሚታዩት ካፕሮኒ 101፣ ካፕሮኒ 133 እና ሳቮያ ማርኬቲ 81 ናቸው። ሦስቱም ባለ ሦስት ሞተር ናቸው። የሳቮያው ክንፍ ከገላው ሥር የተሰካ ስለሆነ ከካፕሮኒዎቹ ወዲያው ይለያል፤ የእነዚህ ክንፍ በገላቸው ላይ ነውና። ሁለቱ ካፕሮኒዎች እርስ በርሳቸው የሚለዩት በሞተራቸው ነው። በ101 ሞተሮቹ ብዙውን ጊዜ ሳይሸፈኑ ይታያሉ፤ በ133 ግን ክብ መክደኛ አላቸው። ይሁን እንጂ የአይሮፕላኑን ዓይነት ማወቅ ዓመቱን ማወቅ አይደለም። ካፕሮኒ 133 በ1928ቱ ዘመቻ የበረረ ሲሆን በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦርና አርበኞች ጠላትን ሲያባርሩም ገና በአገልግሎት ላይ ነበር። ዓይነቱ የሚነግረው ሥዕሉ ከመቼ ወዲህ እንደተነሣ እንጂ እስከ መቼ እንደሆነ አይደለም። በዚሁ ደንብ፣ ድርብ ክንፍ ያለው ተዋጊ አይሮፕላን ፊያት 42 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ ስለሆነ፣ እርሱ የታየበት ሥዕል የማይጨው ዘመን ነው ቢባል ሐሰት ነው። የእንግሊዝ ተዋጊ አይሮፕላኖች ግላዲያተርና ሐሪኬንም እንዲሁ ናቸው።

በዚህ ጊዜ ዓመቱን የሚጠቁመው ቀለሙ ነው። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላን በጅራቱ ቀጥ ብሎ በሚቆመው መሪ ላይ አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ የቁም መደቦች፣ በነጩም ላይ የሳቮያ ቤት ጋሻ ነበረው። ኢጣልያ በሰኔ ወር 1932 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ ግን በሦስቱ ቀለማት ፋንታ ነጭ መስቀል ተተካ። ስለዚህ በጅራቱ ላይ ነጭ መስቀል ያለበት ካፕሮኒ ከ1932 ዓ.ም. ወዲህ የተነሣ ነው። ሦስቱ ቀለማት ያሉበት ግን የፊተኛውን ዘመን ይጠቁማል እንጂ አያስገድድም፤ አይሮፕላኖች ሁሉ በአንድ ቀን አይቀቡምና።

ይህ ነጭ መስቀል ሌላ ስሕተት እንዳያመጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በጦርነቱ ጊዜ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የቀይ መስቀል አይሮፕላን እያበረረ ቁስለኞችንና ሐኪሞችን ያመላልስ ነበር። ቀይ መስቀል በፎቶግራፍ ላይ በነጭ መደብ የጠቆረ መስቀል ሆኖ ይወጣል፤ የኢጣልያው ግን በጠቆረ መደብ ነጭ ነው። ሥዕሉ በሚባዛበት ጊዜ ብርሃኑና ጨለማው ከተለዋወጠ አንዱ ሌላውን ይመስላል። የዚህ ልዩነት ክብደት የሚታወቀው የሆነውን ሲያስታውሱ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ የአሜሪካኖች ሆስፒታል ተመትቷል፤ ታኅሣሥ 20 ቀን በራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ዘንድ መልካ ዲዳ ላይ ሰፍሮ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ተደብድቧል፤ የካቲት 25 ቀን ደግሞ በቆቦና በኮረም አካባቢ የነበረው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ሰፈር ተመትቷል። እንግዲህ በእነዚህ ቦታዎች ላይ የተነሣ ሥዕል ምልክቱ ቢሳሳት፣ ተበዳዩ እንደ በዳይ ሊቆጠር ነው።

የሠራበት አገር ስምም አይሮፕላኑ የማን እንደሆነ አይናገርም። ሮሜዎ 1 በኢጣልያ ይሠራ እንጂ ንድፉ የሆላንዱ የፎከር ነው። በ1933 ዓ.ም. የኢጣልያን ጦር ከደበደቡት መካከል የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ዩንከርስ 86 የተባሉትን የጀርመን ሥራ አይሮፕላኖች ይጠቀም ነበር፤ ይህን የማያውቅ ተመልካች ጀርመን በኢትዮጵያ ሰማይ የተዋጋች ሊመስለው ይችላል። ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው ግን «ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን ታሪክ ነው። ይህችን ትንሽ አይሮፕላን በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ ሠራት፤ ስሟም በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰየመ። ከወረራው በኋላ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ ዘመን ቆየች፤ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። በኢጣልያ አዳራሽ ቆማ የተነሣችበትን ሥዕል ብቻ ያየ ሰው ኢጣልያዊት ናት ቢል የሚያስቅ አይደለም፤ ሥዕሉ የያዘው ያለችበትን ቦታ እንጂ የመጣችበትን መንገድ አይደለምና።

የወታደር ልብስ

በልብስ በኩል የሚያጋጥመው ችግር የኢትዮጵያ ሠራዊት ሁለት መልክ የነበረው መሆኑ ነው። የክብር ዘበኛ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በቤልጅግ መኮንኖች ይሠለጥን ነበር፤ በሆለታ ገነት ደግሞ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። እነዚህ የካኪ ልብስ፣ የተስተካከለ መታጠቂያና በቅልጥም ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ ነበራቸው። የቀረው ግዙፍ ሠራዊት በየአገሩ ባላባትና መኳንንት ተጠርቶ የመጣ ስለሆነ የለበሰው የዕለት ልብሱን፣ ነጭ ሱሪውንና ሸማውን ነው። ነጭ ሸማ ደግሞ በአይሮፕላን ዘመን ከሰማይ በቀላሉ የሚታይ ሆኖ ለባሹን አደጋ ላይ ጣለው። መኳንንቱ በሰልፍ ጊዜ የሚደርቡት ለምድና በራሳቸው ላይ የሚያደርጉት የአንበሳ ጎፈር ማዕረግንና ጀግንነትን ያሳያል፤ ነገር ግን የሰልፍ ልብስ ስለሆነ ሥዕሉ በውጊያ ቀን መነሣቱን አያረጋግጥም።

የክብር ዘበኛ ወታደር በሙሉ የደንብ ልብስ ሆኖ ባዶ እግሩን ይታያል። በኢጣልያ ሥር የነበረው የኤርትራ አስካሪም ባዶ እግሩን ወይም በሰንደል ይሄድ ነበር። ከዚህ የተነሣ የውጭ አገር ሰው አንዱን በሌላው ስም ሊጠራው ይችላል። የሚለያቸው ራስ ላይ ያለው ነው። አስካሪው ረጅም ቀይ ተርቡሽ ያደርጋል፤ ከተርቡሹ የሚወርደው ዘርፍና በወገቡ የሚታጠቀው መቀነት ቀለማቸው እንደየሻለቃው ይለያያል። ለምሳሌ 4ኛው ሻለቃ፣ በአምባላጌ በሞተው በሻለቃ ቶሴሊ ስም የሚጠራው፣ ጥቁር ይታጠቅ ነበር። በጥቁርና ነጭ ፊልም ግን ቀይ መቀነትም ጥቁር መስሎ ሊወጣ ስለሚችል፣ ሥዕሉ በምን ዓይነት ፊልም እንደተነሣ ሳይታወቅ የሻለቃውን ቁጥር መወሰን አይቻልም። ይልቅ የሚያስተማምነው በክንዱ ላይ ያለው የማዕረግ ምልክት ነው፤ አንድ ሰረዝ ሙንታዝ፣ ሁለት ቡሉክባሺ፣ ሦስት ሹምባሺ ነው። በደቡብ ግንባር የተሰለፉት የሶማሌ ዱባቶች ደግሞ ነጭ ልብስና ነጭ ጥምጥም ስለነበራቸው ከሩቅ ሸማ የለበሰ የኢትዮጵያ ወታደር ይመስላሉ።

በኢጣልያኖቹ በኩል የመደበኛው ጦር ወታደር በኮሌታው ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሲያደርግ፣ የፋሽስት ሚሊሺያ የሆነው ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ ግን በኮከቡ ፋንታ ትንሽ የፋሽስት ምልክት ያደርጋል። የአልፒኒ ወታደር በላባው፣ ቤርሳሊየሪ በጉንጉን ላባው ይታወቃል። የፀሐይ መከላከያው ቆብ ግን ለማንም ማስረጃ አይሆንም፤ ኢጣልያኖች፣ የውጭ አገር ሐኪሞችና ጋዜጠኞች፣ ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ የኢትዮጵያ መኳንንትም አድርገውታል።

አርበኛና ባንዳ

ከሁሉ የሚከብደው ፍርድ ይህ ነው። በ1929 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በጫካ የተነሡ ሥዕሎች ላይ የሚታየው ተዋጊ ሸማ የለበሰ፣ ዝናር የታጠቀ፣ ጠመንጃ የያዘ ነው። ባንዳውም እንዲሁ ነው። ሁለቱም የአንድ አገር ልጆች ስለሆኑ ልብሳቸው አንድ ነው። ብዙ ሰው ጠመንጃውን አይቶ ለመፍረድ ይቸኩላል፤ የኢጣልያ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ የኢጣልያ አገልጋይ ይመስለዋል። ነገር ግን የኢጣልያ ጠመንጃ ከአድዋ ድል ጊዜ ጀምሮ በኢትዮጵያውያን እጅ በብዛት ነበረ፤ ከዚያም በፊት ከውጫሌ ውል ዘመን በስጦታና በግዥ የገባ አለ። አርበኞችም ጠመንጃና ጥይት፣ ካፖርትና ጫማ ከጠላት እየማረኩ ነበር የሚዋጉት። ስለዚህ የኢጣልያ ኮት የለበሰና ካርካኖ የያዘ ሰው ባንዳ ሊሆን ይችላል፤ ትናንት ምሽግ የሰበረ አርበኛም ሊሆን ይችላል። ያደገ ጎፈሬም ብዙ አርበኞች ፀጉራቸውን ሳይቆረጡ ስለቆዩ ጥሩ ምልክት ነው፤ ቢሆንም ጎፈሬ ከወረራው በፊትም የተዋጊ ልማድ ነበረ።

ኢጣልያኖች የአገሩን ሹማምንት በፊታቸው አቁመው «የመገዛት ሥነ ሥርዓት» እያሉ ብዙ ሥዕል አንሥተዋል። እነዚህ ሥዕሎች ሰውየው በዚያ ቀን በዚያ ቦታ መቆሙን ያስረዳሉ፤ በፈቃዱ ይሁን በግዳጅ፣ ነገም በዚያው ይጽና ወይም ወደ ዱር ይመለስ አያስረዱም። በአምስቱ ዓመት ውስጥ ለኢጣልያ ያገለገሉ ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው ወደ አርበኞች የገቡበት ጊዜ አለ። ሥዕል የአንድ ቀን ምስክር ነው፤ የአንድን ሰው የአምስት ዓመት ሥራ በአንድ ቀን ምስክር መፍረድ ግፍ ነው።

የመግለጫ አጻጻፍ

እንግዲህ ሥዕል የሚመዘግብ ሰው መግለጫውን በሦስት ከፍሎ ቢጽፍ ከብዙ ስሕተት ይድናል። በመጀመሪያው ዓይን የሚያየውን ብቻ ይጻፍ፤ «ካኪ የለበሱ፣ ባዶ እግራቸውን የሆኑ ሰባት ሰዎች፣ ከኋላቸው ባለ ሦስት ሞተር አይሮፕላን፣ ክንፉ ከገላው በላይ» እንደማለት ነው። በሁለተኛው ከዚህ የተነሣ ምን እንደተገመተና በየትኛው ምልክት እንደተገመተ ይጻፍ። በሦስተኛው ሰዎች የነገሩት፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነና ከሥዕሉ ጋር ያለው ዝምድና ይጻፍ። ሽማግሌዎች ሲጠየቁም ስሙን አስቀድሞ ነግሮ «እገሌ አይደለም ወይ?» ማለት አይገባም፤ ሥዕሉን አሳይቶ የሚሉትን መስማት ይሻላል። ሁለት ሽማግሌዎች ለየብቻ ተጠይቀው ቃላቸው ከስማማ፣ ልብሱና መሣሪያውም ካልተቃረናቸው፣ ያን ጊዜ ስም መጻፍ ይቻላል።

የቀድሞው መግለጫ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሊፋቅ አይገባም። የሉቼ ጸሐፊ «ሽፍታ» ብሎ የጻፈበት አርበኛ ሥዕል ሁለት ታሪክ ይዟል፤ አንዱ የሰውየው ነው፣ ሁለተኛው ጠላት እርሱን እንዴት ሊያስጠራው እንደፈለገ ነው። የኋለኛው መዝጋቢ እርማቱን ከጎኑ ይጻፍ እንጂ የፊተኛውን አያጥፋ። ሦስቱ ክፍሎች ካልተሟሉ ደግሞ «ያልታወቀ ተዋጊ» ብሎ መተው ነውር የለበትም፤ ያልታወቀ ሰው ነገ ሊታወቅ ይችላል፣ በሐሰት ስም የተቀበረ ግን ሁለተኛ ፈላጊ አያገኝም።